የጫጫዋ ጌጤ እና ዐሥር ዓመት የፈጀው ፉክክር

ከአዲስ አበባ የሚነሳው የደሴ መንገድ ሰንዳፋን፣ አለልቱንና ሸኖን አልፎ ጫጫ ሲደርስ ብርዱ ለይቶለታል። ጫጫ ለደብረ ብርሃን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ብላ በገብስና በባቄላ ማሳ መካከል የተቀመጠች የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ከተማ ናት። አካባቢው ከድሮ ጀምሮ ስሙ የሚነሳው ከቤተ መንግሥት ጋር ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከአንኮበር ወጣ ሲሉ መቀመጫቸው አንጎለላ ነበር፤ የልጅ ልጃቸው ምኒልክም በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት እዚያው ነው።

ጌጤ ዋሚ ጫጫ ላይ የተወለደችው ታኅሣሥ 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው የወረዱት መስከረም 2 ስለነበር፣ ልጅቷ ወደዚህ ዓለም የመጣችው ከዚያ ልክ ሦስት ወር በኋላ ነበር።

በዚያ ዓመት «ሯጭ እሆናለሁ» ብላ የምትነሳ ሴት ልጅ ብትኖር የምትሮጥበት መድረክ ገና አልተዘጋጀላትም። አበበ ቢቂላ ሮምና ቶኪዮ ላይ፣ ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ ማራቶንን ድል አድርገው የኢትዮጵያን ስም በዓለም አናኝተውት ነበር። ለሴቶች ግን በኦሊምፒክ የተፈቀደው ረጅሙ ርቀት 1,500 ሜትር ብቻ ነበር። የሴቶች ማራቶን በኦሊምፒክ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ፣ 10,000 ሜትር በ1988 ሶል ላይ፣ 5,000 ሜትር ደግሞ በ1996 አትላንታ ላይ ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኢትዮጵያ በሎስ አንጀለስም በሶልም ስላልተሳተፈች ሁለቱ በሮች ሲከፈቱ ኢትዮጵያውያት በቦታው አልነበሩም።

በሩን የገፋችው ደራርቱ ቱሉ ናት። በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ ጌጤ የ17 ዓመት ልጅ ነበረች። ደራርቱ ከአርሲ፣ ጌጤ ከሰሜን ሸዋ፤ ሁለቱም የብሔራዊ ቡድኑን ረጅም ርቀት ይመሩ በነበሩት በዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ዘመን ያደጉ ሯጮች ናቸው። ጌጤ በሩጫ ዘመኗ ከአገሯ ልጅ የምታገኘው ፈተና ከውጭ ከሚመጣው የማይተናነስ የሆነውም ለዚህ ነው።

ጌጤን ዓለም በመጀመሪያ ያወቃት በሀገር አቋራጭ ነው። መጋቢት 1996 ደቡብ አፍሪካ፣ ስቴለንቦሽ ላይ በተካሄደው የዓለም ሀገር አቋራጭ ሻምፒዮና የኬንያዎቹን ሮዝ ቼሩዮትንና ናኦሚ ሙጎን አስከትላ አሸነፈች። ዕድሜዋ 21 ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት በዚህ ውድድር የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት አሸናፊ የሆነችው ደራርቱ ነበረች፤ ዘውዱ ከአገር ሳይወጣ ከአርሲ ወደ ሸዋ ተሻገረ።

በዚያው ክረምት አትላንታ መጣ። ነሐሴ 2 ቀን በተካሄደው የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ቻይናዊቷ ዋንግ ጁንሺያ ተሰልፋለች። ዋንግ በ1993 ቤጂንግ ላይ ርቀቱን በ29:31.78 ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን የያዘች፣ በአትላንታም 5,000 ሜትሩን አስቀድማ ያሸነፈች አትሌት ናት። ዋንግ በመጨረሻው ዙር ወርቁን የያዘች መስላ ስትገሰግስ የፖርቹጋሏ ፈርናንዳ ሪቤሮ ደርሳባት ቀድማ ገባች። ከሁለቱ ኋላ በ31:06.65 ሦስተኛ ሆና መስመሩን ያለፈችው ጌጤ ናት። የባርሴሎናዋ ጀግና ደራርቱ አራተኛ ወጣች። ኢትዮጵያ ከአትላንታ የተመለሰችው በሦስት ሜዳሊያ ብቻ ሲሆን፣ ወርቆቹን ፋጡማ ሮባና ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ ነሐሱን ጌጤ ነበር ያመጡት።

ቀጣዩ ዓመት ሌላ ሴት ይዞ መጣ። ፓውላ ራድክሊፍ እንግሊዛዊት ናት፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትሮጥ ራሷን እየነቀነቀች የምትሄድ፣ ጌጤን በአንድ ዓመት የምትበልጥ። በ1997 ቱሪን ላይ በተካሄደው የዓለም ሀገር አቋራጭ ደራርቱ አንደኛ፣ ፓውላ ሁለተኛ፣ ጌጤ ሦስተኛ ሆኑ። በ1998 ማራኬሽ ላይ አየርላንዳዊቷ ሶኒያ ኦሱሊቫን ስታሸንፍ ፓውላ ዳግመኛ ሁለተኛ፣ ጌጤ ዳግመኛ ሦስተኛ። ሁለት ጊዜ ተገናኝተው ሁለቱንም ጊዜ ፓውላ ቀደመች።

የሁለቱ አሯሯጥ ፈጽሞ የተለያየ ነበር። ፓውላ በመጨረሻው ዙር የሚተኮስ ፍጥነት አልነበራትም፤ ድክመቷን ስለምታውቅ ከመነሻው ጀምራ ዙሩን እያከረረች ተከታዮቿን አንድ በአንድ ለማራገፍ ትሞክራለች። ጌጤ ደግሞ ከኋላ ሆና መታገስ ታውቅበታለች። ፊት የሚሮጠው ነፋሱንም ፍጥነቱን የመወሰን ጭንቀቱንም ሲሸከም፣ እሷ ከትከሻው ሳትርቅ ትከተልና ደወል ሲደወል ትወጣለች። እንግሊዛዊቷ ካራገፈቻት ያበቃላታል፤ ካላራገፈቻት ግን የመጨረሻው 400 ሜትር የጌጤ ነው።

ሚዛኑ ያጋደለው በ1999 ነው።

መጋቢት ላይ ቤልፋስት የዓለም ሀገር አቋራጭን ስታስተናግድ መሬቱ ጭቃ ብቻ ሆኖ ነበር። በየእርምጃው ጫማ በሚይዝ ማጥ ውስጥ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ተሮጦ ጌጤ በ28 ደቂቃ አንደኛ ወጣች። የአገሯ ልጅ መሪማ ደንቦባ ሁለተኛ፣ ፓውላ ሦስተኛ ሆኑ። የሰሜን ሸዋዋ ልጅ ሁለተኛ የዓለም ሀገር አቋራጭ ዘውዷን ጫነች።

ከአምስት ወር በኋላ ነሐሴ 26 ቀን መድረኩ ከጭቃ ወደ ሙቀት ተለወጠ። ስፔን፣ ሴቪያ፤ የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና፤ 10,000 ሜትር፤ 25 ዙር። ፓውላ እንደ ልማዷ ፊት ወጥታ ፍጥነቱን አከረረችው። ቡድኑ እየሳሳ ሄደ። ኬንያዊቷ ቴግላ ሎሩፔ እንኳ ወደ ኋላ ስትቀር ጌጤ ግን እንግሊዛዊቷን አልለቀቀቻትም። በመጨረሻው ዙር አፈትልካ ወጣች፤ ፓውላም መልስ አልነበራትም። የጌጤ ሰዓት 30:24.56 የሻምፒዮናው ክብረ ወሰን ሆነ። ፓውላ በ30:27.13፣ ሎሩፔ በ30:32.03 ተከትለዋት ገቡ።

የዚያ ምሽት ትርጉም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ሄልሲንኪ ላይ ከተጀመረበት ከ1983 አንሥቶ ለኢትዮጵያ ወርቅ ያመጣ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ኃይሌ ገብረ ሥላሴ። ኃይሌ በዚያው በሴቪያ ለአራተኛ ተከታታይ ጊዜ 10,000 ሜትሩን ባሸነፈ በሁለተኛው ቀን የጫጫዋ ልጅ ከጎኑ ቆመች። በዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ጌጤ ዋሚ ናት። ጥሩነሽ፣ መሠረት፣ አልማዝ የሚባሉት ስሞች በዚህ መድረክ የተሰሙት ከእሷ በኋላ ነው።

ሩጫ መተዳደሪያ የሆነውም በዚያው ዘመን ነው። በ1993ና በ1995 የዓለም ሻምፒዮኖች ሽልማታቸው መርሰዲስ መኪና ነበር፤ ሻምፒዮናው ገንዘብ መክፈል የጀመረው ገና በ1997 ነው። ለቀደመው ትውልድ ሩጫ ከወታደርነት ወይም ከፖሊስነት ጋር የሚሄድ ነገር ነበር። የጌጤ ትውልድ ግን በአውሮፓ ትራኮች፣ ቀጥሎም በትልልቅ ከተሞች ጎዳና ላይ ሙያውን ሙያ ብሎ የያዘ የመጀመሪያው ትውልድ ሆነ።

የ2000 ዓመት የጀመረው ፖርቹጋል፣ ቪላሞራ ላይ ነው። በዓለም ሀገር አቋራጭ ደራርቱ ወርቁን፣ ጌጤ ብሩን ወሰዱ። ከዚያ መላው ዓለም ወደ ሲድኒ ጎረፈ፤ ጌጤም 5,000ና 10,000 ሜትርን በአንድ ኦሊምፒክ ለመሮጥ ቆርጣ ሄደች። ማጣሪያው ተጨምሮ በዘጠኝ ቀን ውስጥ አራት ሩጫ፣ በድምሩ 30 ኪሎ ሜትር ማለት ነው።

የ5,000 ሜትሩ ፍጻሜ የዋለው መስከረም 25 ቀን ሰኞ ምሽት ነው። በአትሌቲክስ ታሪክ እንደዚያ ያለ ምሽት ከስንት አንዴ ነው። በስታዲየሙ 112,524 ተመልካች ተቀምጧል። የአገሬው ልጅ ካቲ ፍሪማን 400 ሜትሩን አሸንፋ አውስትራሊያን አስለቀሰች፤ ኃይሌ ደግሞ በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በመጨረሻዋ እርምጃ ቀድሞ ኢትዮጵያን አስጨፈረ። በሁለቱ ግርግር መካከል የሴቶቹ 5,000 ሜትር ተሮጠ። ሩማንያዊቷ ጋብሪኤላ ዛቦ በ14:40.79፣ ሶኒያ ኦሱሊቫን በ14:41.02፣ ጌጤ በ14:42.23 ገቡ። ከወርቅ እስከ ነሐስ ያለው ልዩነት አንድ ሰከንድ ተኩል እንኳ አልሞላም።

አምስት ቀን ቆይቶ 10,000 ሜትሩ ደረሰ። ፓውላ ከሴቪያ የተማረችው ነገር ቢኖር አሁንም ከፊት ሆኖ መግፋት ነበር፤ ለብዙ ዙር ሁሉንም እየመራች ሮጠች። ከኋላዋ ደራርቱ፣ ጌጤና የአትላንታዋ ሪቤሮ ተጠግተው ተከተሉ። የመጨረሻው ዙር ሲደርስ ደራርቱ ተስፈንጥራ ወጣች፤ በ30:17.49 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አስመዝግባ፣ ልጅ ወልዳ ከተመለሰች በኋላ፣ ከባርሴሎና ስምንት ዓመት ቆይታ ዳግም ወርቁን ወሰደች። ጌጤ በ30:22.48 ሁለተኛ ሆነች፤ ሪቤሮን የቀደመቻት በ40 መቶኛ ሰከንድ ነው። ይህች ሰዓት ጌጤ በትራክ 10,000 ሜትር ከሮጠቻቸው ሁሉ ፈጣኗ ሆና ቀረች። ፓውላ አራተኛ ወጥታ ያለ ሜዳሊያ ተመለሰች። ኢትዮጵያ ከሲድኒ ካመጣቻቸው ስምንት ሜዳሊያዎች ሁለቱ የጌጤ ናቸው።

የ2001 የዓለም ሀገር አቋራጭ ደብሊን ላይ ሊደረግ ታቅዶ ነበር። በብሪታንያ የከብቶች የአፍና የእግር በሽታ ስለተነሣ ግን ውድድሩ ወደ ቤልጅየም፣ ኦስተንዴ ተዛወረ። እዚያ ሁለቱ ባላንጣዎች በሁለት ቀን ሁለት ጊዜ ተገጣጠሙ። ቅዳሜ በረጅሙ ሩጫ ፓውላ ጌጤን በመጨረሻው ላይ ቀድማ፣ ስትመኘው የኖረችውን የዓለም ዘውድ ጫነች። እሑድ በአጭሩ ሩጫ ሁለቱም ዳግመኛ ተሰለፉ። በዚህኛው ጌጤ በአንድ ሰከንድ ብቻ ቀድማ ወርቁን ወሰደች። ከ1996 እስከ 2001 በነበሩት ስድስት ዓመታት ጌጤ ከዓለም ሀገር አቋራጭ ዋና ሩጫ ያለ ሜዳሊያ የተመለሰችበት ዓመት የለም።

በዚያው ነሐሴ ካናዳ፣ ኤድመንተን ላይ የሆነውን የኢትዮጵያ ተመልካች አይረሳውም። የ10,000 ሜትሩ ሩጫ በዝግታ ሄዶ መጨረሻው በፍጥነት ተለኮሰ። ደራርቱ ብርሃኔ አደሬን በአራት መቶኛ ሰከንድ ቀደመቻት፤ ጌጤ ሦስተኛ ሆነች። አረንጓዴው ማልያ የሜዳሊያውን መድረክ ከዳር እስከ ዳር ያዘው። አራተኛዋ ማን ነበረች? ፓውላ ራድክሊፍ። ጌጤ በ31:49.98፣ ፓውላ በ31:50.06 ነበር የገቡት፤ ልዩነቱ ስምንት መቶኛ ሰከንድ ነው።

እንግሊዛዊቷ ከትራክ ሽንፈት በኋላ ፊቷን ወደ ጎዳና አዞረች፤ ጌጤም እንዲሁ። ጎዳና ላይ ግን የጨዋታው ሕግ ሌላ ነው። 42 ኪሎ ሜትር ሙሉ ከፊት መግፋት የሚችል ሰው የመጨረሻውን ዙር መፍራት አያስፈልገውም። ጥቅምት 13 ቀን 2002 ፓውላ ቺካጎ ላይ 2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። በሳምንቱ ጌጤ አምስተርዳም ላይ የመጀመሪያ ማራቶኗን ሮጠች። በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ አሸነፈች፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ከእሷ የፈጠነ ማራቶን የሮጠች ኢትዮጵያዊት አልነበረችም።

በ2003 ሴት ልጅ ወለደች። ለሴት ሯጭ ይህ ጊዜ የሥራ ዘመኗ ማብቂያ ይሆናል ተብሎ የሚገመትበት ዘመን ገና አላለፈም ነበር፤ ደራርቱ አስቀድማ ግምቱን አፍርሳዋለች፣ ጌጤም ተከተለች።

መስከረም 24 ቀን 2006 በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ ሮጣ አንደኛ ወጣች። የኢትዮጵያን ክብረ ወሰን ሰበረች፤ በዚያው ቀን ኃይሌ የወንዶቹን ስላሸነፈ በርሊን የኢትዮጵያ ሆና ዋለች። ክብረ ወሰኑ ግን በጌጤ እጅ የቆየው አራት ሳምንት ብቻ ነው። ብርሃኔ አደሬ ቺካጎ ላይ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ሮጣ ወሰደችባት።

በ2006 የቦስተን፣ የለንደን፣ የበርሊን፣ የቺካጎና የኒውዮርክ ማራቶኖች ተባብረው አንድ ትልቅ የሁለት ዓመት ውድድር መሥርተው ነበር። አንደኛ 25፣ ሁለተኛ 15፣ ሦስተኛ 10 ነጥብ ያገኛል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ብዙ ነጥብ የሰበሰበ ወንድና ብዙ ነጥብ የሰበሰበች ሴት እያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ይወስዳሉ። በጎዳና ሩጫ እንደዚያ ያለ ገንዘብ ለአንድ ሰው ቀርቦ አያውቅም ነበር።

ጌጤ በበርሊኑ ድል 25 ነጥብ ይዛለች። ሚያዝያ 2007 ለንደን ላይ ከቻይናዊቷ ዡ ቹንሺዩ ቀጥላ ሁለተኛ ስትወጣ 15 ጨመረች። መስከረም 30 ቀን 2007 በርሊን ላይ ዳግመኛ አሸነፈች፤ ኃይሌም በዚያው ቀን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። አሁን ጌጤ 65 ነጥብ አላት። የቅርብ ተከታይዋ የላትቪያዋ ዬሌና ፕሮኮፕቹካ 55 ነበራት፤ የቀረው ሩጫ ደግሞ ፕሮኮፕቹካ ያለፈውን ዓመት ያሸነፈችበት የኒውዮርክ ማራቶን ነው። ጌጤ ቤቷ ብትቀመጥና ላትቪያዊቷ ብታሸንፍ ግማሹ ሚሊዮን ከእጇ ይወጣል።

ስለዚህ ከበርሊን በኋላ በ35ኛው ቀን፣ ኅዳር 4፣ ኒውዮርክ ላይ ተሰለፈች። ከማራቶን በኋላ ሰውነት ረጅም ዕረፍት ይፈልጋል፤ አምስት ሳምንት ማንም አሰልጣኝ የማይመክረው ነው። ያም አልበቃ ብሎ በመነሻው መስመር ላይ ፓውላ ራድክሊፍ ቆማለች፤ በጥር ሴት ልጅ ወልዳ ወደ ማራቶን የተመለሰችበት የመጀመሪያ ሩጫዋ ነበር።

ፓውላ ከመነሻው ፊት ወጣች። ጌጤ ከኋላዋ ተለጠፈች። ሌሎቹ ቀስ በቀስ ተንጠባጠቡና ሁለቱ እናቶች ብቻቸውን ቀሩ፤ ድልድዩን፣ ብሩክሊንን፣ ማንሃተንን እንዲያ ተያይዘው አለፉ። ሴንትራል ፓርክ ሲገቡ የሴቪያው ታሪክ ሊደገም የተቃረበ መሰለ። ሊጠናቀቅ ጥቂት ሲቀረው ጌጤ ከትከሻዋ ወጥታ ሞከረች። እንግሊዛዊቷ በዚህ ቀን መልስ ነበራት፤ ተስፈንጥራ ወጣችና በ2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ ገባች። ጌጤ በ23 ሰከንድ ተቀደመች። ፕሮኮፕቹካ ሦስተኛ ሆነች።

የነጥቡ ሒሳብ ሲዘጋ ጌጤ 80፣ ፕሮኮፕቹካ 65 ሆነ። ሩጫውን ፓውላ፣ 500,000 ዶላሩን ጌጤ ወሰዱ፤ ጌጤም የውድድሩ የመጀመሪያዋ ሴት ሻምፒዮን ተባለች።

2008 ያን ያህል አልቀናትም። ሚያዝያ ላይ በለንደን ማራቶን ከመሪዎቹ ጋር ስትሮጥ ውሃ ማንሻው ጠረጴዛ ዘንድ ተደናቅፋ ወደቀች። ተነሥታ መሪዎቹን ደረሰችባቸውና ኢሪና ሚኪቴንኮ ባሸነፈችበት ሩጫ ሦስተኛ ወጣች። ነሐሴ ላይ የቤጂንጉን የኦሊምፒክ ማራቶን ጀምራ ሳትጨርስ አቋረጠች።

ጥቅምት 5 ቀን ግን ሰሜን እንግሊዝ፣ ኒውካስል ላይ ተነሥታ ታላቁን የሰሜን ሩጫ፣ 21 ኪሎ ሜትሩን፣ በአንደኝነት ጨረሰች። በዚያው ቀን የወንዶቹን ያሸነፈው ጸጋዬ ከበደ ይባላል፤ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ በፊት በቤጂንግ ማራቶን ነሐስ ያገኘ፣ በሰሜን ሸዋ ኦሮሚያ በኩል ገርአር በር የተወለደ ወጣት ነው። ጸጋዬ ከዚያ ወዲህ ለንደንን ሁለት ጊዜ፣ ቺካጎን አንድ ጊዜ አሸነፈ። በ2013 ኒውዮርክ ላይ ከጂኦፍሪ ሙታይ ቀጥሎ ሁለተኛ ሲገባ ነጥቡ ሞላለትና ያንኑ የትልልቅ ማራቶኖች ዋንጫና 500,000 ዶላር ለመውሰድ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ወንድ ሆነ። ጌጤ ሽልማቱን የወሰደችው ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብላ፣ በዚያው ከተማ፣ በዚያው በሁለተኛ ደረጃ ነበር።